ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ፕሪንተሩ ግን አይታይም፦ ከኮምፒውተርና ከኔትወርክ ጋር ገና ለምትተዋወቁ

ኮፒቤቷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ውስጥ ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለኝ። ሦስት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ አንድ ፕሪንተር። ቤቱ ፊትና ጓዳ ነው። የኢንተርኔቱ ራውተር ፊት ያለው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዋይፋዩ ጓዳ ስለማይደርስ ሌላ ራውተር ገዛሁ፤ አንድ ልጅ በኬብል አገናኝቶልኝ ሄደ። ኢንተርኔቱ አሁን በሁለቱም ክፍል ይሠራል።

ችግሩ ፕሪንተሩ ነው። ያለው ጓዳ ነው። ከጓዳ ኮምፒውተሮች ሲታዘዝ ያትማል፤ የፊቶቹ ግን ጭራሽ አያዩትም። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ የምከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። ፋይል ሳወርድ የሚያሳየኝ ግን 1.2 አካባቢ ነው። ቀሪው የት ገባ?

ኮምፒውተር እጠቀማለሁ እንጂ ውስጡን አላውቅም። ከቻላችሁ ከሥሩ አስረዱኝ። "ይህን ተጫኚ" ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ሲበላሽ መልሼ እዚሁ እመጣለሁ።

ጊጋልጅ · ከምሽቱ 2፡25

ሁለቱንም ራውተር ሪሴት አድርጊያቸው። ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያዢ። አለቀ።

መስመር ጠጋኝ · ከምሽቱ 2፡41

እህቴ፣ መርፌውን አስቀምጪው። ሪሴት ማለት ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ራውተር ውስጥ ኢንተርኔት አቅራቢው የሞላው መለያና የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል። እሱ ከተሰረዘ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ቴክኒሻን መለመን ነው። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ።

ከሥሩ ካልሽ ከዚህ እንነሳ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ነገር አይደሉም። ዋይፋይ ያለ ሽቦ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝሽ ብቻ ነው። ኢንተርኔት የሚመጣው ከራውተሩ ወዲያ ነው። ለማተም ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ ቤት ውስጥ እርስ በርስ ከተገናኙ ይታተማል። ስለዚህ "ኢንተርኔቱ ይሠራል" የሚለው ስለ ፕሪንተሩ ምንም አይነግረንም።

አሁን ይህን አድርጊልኝ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለሽ ፈልጊ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍተት ሳታስገቢ ጻፊና ኢንተር በዪ። ብዙ ነገር ይዘረግፋል፤ አትደንግጪ። የምንፈልገው የአይፒቪ4 አድራሻ የሚለውንና ዲፎልት ጌትዌይ የሚለውን ብቻ ነው። ከፊት አንድ ኮምፒውተር፣ ከጓዳ አንድ ኮምፒውተር አይተሽ ላኪ። ፕሪንተሩም ስክሪን ካለው ቁጥሩን ያሳያል።

ኮፒቤቷ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ፊት፦ አድራሻ 192.168.1.5፣ ጌትዌይ 192.168.1.1
ጓዳ፦ አድራሻ 192.168.0.103፣ ጌትዌይ 192.168.0.1
ፕሪንተሩ፦ 192.168.0.100

መስመር ጠጋኝ · ከጠዋቱ 3፡40

ተገኘ። ሦስተኛውን ቁጥር እዪው። ፊት 1 ነው፣ ጓዳ 0።

አይፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም አስቢ። እንዳንቺ ባለ ትንሽ ኔትወርክ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ብሎኩ ናቸው፣ የመጨረሻው የቤት ቁጥሩ። ጌትዌይ የብሎኩ መውጫ በር ነው። እዚያው ብሎክ ያለውን ጎረቤት ሄደሽ ታንኳኪያለሽ፤ ከብሎኩ ውጪ ላለ ሁሉ በበሩ በኩል ትወጫለሽ። የትኛው ቁጥር የብሎክ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ የሚወስነው ሰብኔት ማስክ የሚባለው ነው። 255.255.255.0 ካለ እንዳልኩሽ ሦስቱ የብሎክ ነው። የአንቺም ይህንኑ እንደሚል እገምታለሁ፤ ከአድራሻው ሥር ተጽፏል።

ልጁ ያደረገው ምንድን ነው? ሁለተኛውን ራውተር ዋን (WAN፣ የውጪው መስመር መግቢያ) በሚለው ቀዳዳ ሰካው። ብዙ ጊዜ በቀለም የተለየችው ቀዳዳ ናት። ራውተር በዚያ በኩል ኬብል ሲያገኝ "ይህ ውጭ ነው፣ እኔ ከኋላው የራሴን ብሎክ እከፍታለሁ" ይላል። ከዚያ ዲኤችሲፒ በሚባለው አሠራር ለጓዳ መሣሪያዎች የራሱን አድራሻ ማደል ጀመረ። የፊቱም ራውተር ለራሱ ያድላል። ሁለት አዳይ፣ ሁለት ብሎክ።

ራውተር ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ያሳልፋል፤ ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል። ጓዳ ያሉት ኮምፒውተሮች ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ይወጣሉ። የፊቶቹ ግን ለጓዳው ራውተር "ውጭ" ናቸው፤ ፕሪንተሩን ሲፈልጉ በሩ ላይ ይመለሳሉ። ኢንተርኔቱ በሁለቱም ክፍል እየሠራ ፕሪንተሩ የጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለተኛው ራውተር አድራሻ ማደሉን ትቶ ዋይፋይ ብቻ እንዲረጭ ማድረግ ነው። አክሰስ ፖይንት ይባላል። ከጓዳ ኮምፒውተር፣ ቢቻል በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተሽው፣ ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ብለሽ ግቢ። የይለፍ ቃሉ ከራውተሩ ሥር ስቲከር ላይ ይኖራል። ኦፕሬሽን ሞድ የሚል ቦታ ካለና አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ ሥራው አለቀ።

ከሌለው በእጅ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። መጀመሪያ ከፊት የሚመጣውን ኬብል ከዋን ንቀዪ። ቀጥሎ ላን (LAN፣ የውስጡ ኔትወርክ) በሚለው ገጽ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.1.250 ቀይሪ። ይጠፋና ይነሳል። በአዲሱ አድራሻ ተመልሰሽ ግቢና ዲኤችሲፒውን አጥፊ። በመጨረሻ የነቀልሽውን ኬብል ወደ ዋን ሳይሆን ከ1 እስከ 4 ከተጻፈባቸው ቀዳዳዎች በአንዱ ስኪው። የፊቱ ራውተር የሚያድለው ቁጥር እስከ 250 የሚደርስ ከሆነ ከሚያድለው ውጪ ያለ ሌላ ቁጥር ምረጪ። ከዚያ ጓዳ ያለውን ሁሉ፣ ፕሪንተሩንም፣ አጥፍተሽ አብሪ።

ጡረተኛው · ከጠዋቱ 4፡30

ልጆቼ፣ ሳላቋርጣችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን አንብቤ የቤቴን ኮምፒውተር ባየው እሱም 192.168.1.5 ነው! የዚህች ልጅ ሀዋሳ፣ የእኔ ደሴ። ሁለታችንም አንድ አድራሻ ካለን የእሷ ደብዳቤ ለእኔ አይመጣም ወይ?

ማታ ፈረቃ · ከጠዋቱ 5፡15

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ዓመት ኮምፒውተር የነካ ሰው እንኳ አይጠይቀውም።

አይፒቪ4፣ ማለትም ይህ ባለ አራት ቁጥሩ የአድራሻ ዓይነት፣ ሊይዝ የሚችለው ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ነው። ዓለም ላይ ያለው ስልክ፣ ኮምፒውተርና ካሜራ ሲደመር አይበቃም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ሦስት የአድራሻ ክልሎች ለቤትና ለቢሮ ውስጥ ብቻ ተለይተው ተቀመጡ፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት። እነዚህን ማንም ቤቱ ውስጥ ይጠቀማል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን አይወጡም።

የእርስዎ ኮምፒውተር ድረ ገጽ ሲጠይቅ ራውተሩ የውስጡን 192.168.1.5 አንስቶ በምትኩ የውጪውን አድራሻ ያደርግበታል። የውጪው ከአቅራቢው የተሰጠ ነው። "ይህን የጠየቀው ውስጥ ያለው 5 ነው" ብሎም ሰንጠረዡ ላይ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ ሰንጠረዡን አይቶ ለእርስዎ ያደርሳል። ይህ አሠራር «ናት» (NAT) ይባላል። ስለዚህ የእሷ 5 እና የእርስዎ 5 ፈጽሞ አይገናኙም።

እንዲያም ሆኖ አድራሻው አልበቃም። ለየአህጉሩ የሚከፋፈለው የአይፒቪ4 ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተሟጠጠ። አይፒቪ6 የሚባለው ረጅሙ አድራሻ አስቀድሞ የተዘጋጀው ይህ እንደሚመጣ ስለታወቀ ነው። አይፒኮንፊግ ሲሉ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ካዩ እሱ ነው። ለጊዜው ይለፉት።

ጡረተኛው · ከጠዋቱ 5፡32

ተባረክ ልጄ። ገባኝ። ሰንጠረዡ ባይኖር ጉድ ነበር በለኛ።

ጊጋልጅ · ከቀኑ 6፡20

ስለ 10 ሜጋው እኔ ልመልስ፤ መርፌዬን አስቀምጫለሁ 😄

ምንም አልጠፋብሽም። አቅራቢዎች ፍጥነት የሚለኩት በሜጋቢት በሰከንድ ነው። ፋይል ሲወርድ የሚታየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25። የምታዪው 1.2 ከሆነ ሙሉውን እያገኘሽ ነው። እንዲያውም ጥሩ መስመር ነው ያለሽ፤ ይመስገን በዪ።

ተማሪ ባሕር ዳር · ከቀኑ 8፡02

የእኔ ትንሽ ለየት ይላል። ግቢ ውስጥ ዋይፋዩ ሲገናኝ ቴሌግራም ይሠራል። ብራውዘር ላይ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ኢንተርኔት አለ ነው የለም የሚባለው?

ማታ ፈረቃ · ከቀኑ 8፡50

አለ። የጠፋው ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ዲኤንኤስ ነው። የገጽ ስም ስትጽፍ ኮምፒውተርህ መጀመሪያ ለዲኤንኤስ አገልጋይ "የዚህ ስም አይፒ ስንት ነው?" ይላል። መልስ ካላገኘ መሄጃውን አያውቅም። ቴሌግራም የአገልጋዮቹን ቁጥር ራሱ ይዞ ስለሚዞር ሳይጠይቅ ይገባል።

እንዲህ ፈትሽ፤ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ኔትወርክ ሲበላሽ እኔ የምሠራው ይህንኑ ነው፦ ከራሴ ጀምሬ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ውጭ እወጣለሁ። መልስ የማይመጣበት ደረጃ ላይ ችግሩ አለ። ከመሃል የሚጀምር ሰው ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል።

ያን ጥቁር መስኮት ክፈትና ፒንግ (ping፣ «አለህ ወይ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ) ብለህ፣ ክፍተት ትተህ፣ 127.0.0.1 ጻፍ። ይህ የራስህ ኮምፒውተር ነው። ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ኮምፒውተርህ ውስጥ ነው፤ ብዙም አያጋጥምም። ቀጥሎ ጌትዌዩን ፒንግ አድርግ። ካልመለሰ ከራውተሩ ጋር አልተገናኘህም፦ ኬብል፣ ዋይፋይ ወይም አድራሻ ነው። እዚህ ላይ የራስህ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚያድለው ስላጣ ለራሱ የፈጠረው ነው። ዲኤችሲፒ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ይህቺን ቁጥር ያወቀ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

ጌትዌዩ ከመለሰ 8.8.8.8 ላይ ሞክር። የጉግል ዲኤንኤስ ነው፤ እዚህ የምንጠቀምበት ግን ውጭ መውጣትህን ለማየት ነው። መልስ ከመጣ ኢንተርኔት አለህ። በመጨረሻ በስም፣ ለምሳሌ የጉግልን አድራሻ በፊደል ጽፈህ ፒንግ አድርግ። ቁጥሩ እየመለሰ ስሙ እምቢ ካለ ዲኤንኤስ ነው። በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 አድርገው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የግቢ ኔትወርክ ስለሆነ የውጭ ዲኤንኤስ የሚከለክል ወይም መጀመሪያ በመግቢያ ገጽ ተመዝገብ የሚል ሊሆን ይችላል። ካልሠራልህ አይሲቲ ክፍሉን ጠይቅ።

ክሪምፐር · ከቀኑ 10፡15

ሁሉም ስለ ቁጥር ያወራል፤ ሽቦውን የሚያስታውስ የለም። በሥራዬ ከማያቸው "የኔትወርክ ችግሮች" ብዙዎቹ በር የቆነጠጠው ኬብል ናቸው።

ኮፒቤቷ፣ ከፊት ወደ ጓዳ የሚሄደውን ኬብል እዪው። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦ ነው፣ ጥንድ ጥንድ የተጠማዘዘ። ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ አርጄ45 ይባላል። አደራደሩ ከግራ፣ ምላሱ ወደ ታች ሆኖ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዳንዱ በግምት ይደረድርና "ይሠራል እኮ" ይላል። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት የአንዱ ሲግናል ሌላውን እንዳይረብሽ ነው። ጥንድ አፍርሰህ ከደረደርህ አጭር ኬብል ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ሲረዝም ይንገዳገዳል።

ሌላ ምልክት፦ ሁለቱም መሣሪያ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) የሚችል ሆኖ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ከ8ቱ ሽቦ አንዱ ሳይበጠስ አልቀረም። 100 ሜጋቢት በ4 ሽቦ ይሄዳል፣ ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። ርዝመቱ ደግሞ ከ100 ሜትር አይለፍ። ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ አታስሪው።

ሸገር ነኝ · ከቀኑ 10፡40

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ግድግዳ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ ማጉያ ገዝታ ብትገላገልስ?

ክሪምፐር · ከቀኑ 10፡52

ኬብሉ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ? ርካሹ ማጉያ በዚያው በአንድ ሬዲዮ ይቀበላል፣ መልሶ ይልካል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኬብል መዘርጋት ለማይቻልበት ቤት ደህና ነው። እሷ ኬብል አላት።

ኮፒቤቷ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሠራ! አክሰስ ፖይንት የሚለው ምርጫ ነበረው፣ በእጅ መሄድ አላስፈለገኝም። የፊቶቹ ኮምፒውተሮች ፕሪንተሩን አገኙት። መስመር ጠጋኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን ዛሬ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሪንተሩ እንደገና "ኦፍላይን" አለ። ጓዳ ሄጄ ሳየው ቁጥሩ ተቀይሯል።

ደግሞ ላፕቶፑ በጣም ይንቀራፈፋል። ኔትወርኩ ነው?

መስመር ጠጋኝ · ከምሽቱ 2፡15

የፕሪንተሩ የሚጠበቅ ነው። ዲኤችሲፒ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው። መብራት ሲመለስ ሁሉም እኩል ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል። ኮምፒውተሮችሽ ግን የሚልኩት ወደ ድሮው ነው።

የፊቱ ራውተር ውስጥ አድሬስ ሪዘርቬሽን የሚል ቦታ ፈልጊ። እዚያ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ አስገቢና ቁጥር መድቢለት። ማክ ከፋብሪካው ጀምሮ መሣሪያው ላይ የተጻፈ የ12 ፊደልና ቁጥር መለያ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቀየርም። ከዚህ በኋላ ራውተሩ ለዚያ ማክ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ፕሪንተሩን በተመደበለት ቁጥር አንድ ጊዜ እንደገና ጨምሪው።

ላፕቶፑን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢኤስሲ አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። በሚንቀራፈፍበት ሰዓት የትኛው ዓምድ ሞልቷል? ሜሞሪ ከሆነ ራም አንሶታል። ራም አሁን የተከፈተው ሥራ ሁሉ የሚቀመጥበት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ሴቭ ያላደረግሽው ደብዳቤ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ዲስክ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ደግሞ ውስጡ አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር ወደሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ቀይሪው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ወጪ አላውቅም።

ማታ ፈረቃ · ከምሽቱ 2፡48

ኮፒ ቤት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የደንበኛ ፍላሽ።

ፍላሹን ከፍተሽ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኘሽ አትጫኛቸው። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ስትጫኚ ግን ቫይረሱን ራስሽ አስነሳሽው። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሪ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም አንሺ። ትክክለኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ግን በአንቲቫይረስ አስፈትሺው።

አሁን ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ኔትወርክ ላይ ነው። አንዱ የያዘው ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገር የደረሰው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ክፍተት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። ዳታ ይበላል ብለሽ አፕዴቱን አታጥፊ። ፎልደር ስታጋሪም "ለሁሉም፣ ሙሉ ፈቃድ" አታድርጊው።

የሚቻል ከሆነ አንዱን የፊት ኮምፒውተር ለደንበኛ ፍላሽ ብቻ መድቢው። የራስሽን ሰነድ እዚያ ላይ አታስቀምጪ።

ኮፒቤቷ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ፕሪንተሩን መደብኩለት። ላፕቶፑ ዲስኩ ነው፣ 100 ላይ ቆሟል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ደንበኞች የዋይፋይ ፓስወርድ ይጠይቁኛል፤ ፋይላቸውን ከስልክ በቴሌግራም እንዲልኩልኝ። ልስጣቸው?

መስመር ጠጋኝ · ከጠዋቱ 2፡55

ዋናውን አትስጪ። የፊቱ ራውተር ጌስት ኔትወርክ የሚል ካለው እሱን አብሪና የተለየ ስምና ፓስወርድ ስጪው። ጌስት የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ኮምፒውተሮችሽንና ፕሪንተሩን ግን አያይም። በቴሌግራም ለመላክ ይበቃዋል። ጌስቱን ጓዳ ባለው ራውተር ላይ አታብሪው፤ አክሰስ ፖይንት ከሆነ በኋላ ብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች ጌስቱን ከዋናው አይለዩትም። የፍጥነት ገደብ የሚል ካለም 2 ሜጋቢት አድርጊበት፤ አለበለዚያ አንዱ ቪዲዮ ከፍቶ ሥራሽን ያስቆምብሻል። የዋናውን ፓስወርድ ከዚህ በፊት ለሰው ሰጥተሽ ከነበረ ዛሬውኑ ቀይሪው። የዋይፋዩን መቆለፊያ ዓይነት (ሴኪዩሪቲ የሚለውን) ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 አድርጊና፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ አጥፊ።